ከዐቢይ ጾም በፊት፦ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያዎችን ማዘጋጀትና መንከባከብ

ለጉለሌ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

ውድ ሞዴል አርሶ አደር፣ ኩሬ ቆፍረው፣ ጫጩት ዓሣ አስገብተው፣ ለወራት መኖ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። አሁን የቀረው ዓሣውን ከውኃ አውጥቶ ለገበያ ማቅረብ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የዓመት ድካም የሚበላሸው በዚህች በመጨረሻዋ ቀን ነው። መረቡ ተቀዶ ትልልቁ ዓሣ ያመልጣል፤ ወይም የመረቡ ዓይን ከመጠን በላይ ጠባብ ሆኖ ገና ያላደገው ሁሉ ይወጣል፤ ወይም ከሌላ ኩሬ በተዋሱት እርጥብ መረብ በሽታ ይገባል። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በሚደረግ ዝግጅት የሚቀሩ ጉዳቶች ናቸው።

ዓሣ በዐቢይ ጾም ወቅት ይበልጥ ይፈለጋል። በጾም ዓሣ የሚመገቡ ቤተሰቦችና ምግብ ቤቶች በእነዚህ 55 ቀናት ከወትሮው በላይ ይገዛሉ። ስለዚህ የማስገሪያ መሣሪያዎን ማዘጋጀት ያለብዎት ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
- ለኩሬዎ የሚስማማውን መረብ መምረጥና መጠኑን ማስላት፣
- የመረብ ዓይን በትክክል መለካት፣
- የተቀደደ መረብ መጠገንና የመንጠቆ ክር መፈተሽ፣
- መሣሪያን ከበሽታ ነጻ ማድረግና በአግባቡ ማስቀመጥ ይችላሉ።

1. ዝግጅቱ መቼ ይጀመር?

ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቀደም ካለ የካቲት 1፣ ከዘገየ መጋቢት 5 ይገባል። ጾመ ነነዌ ደግሞ ሁልጊዜ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ይህ ለእኛ ጥሩ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሥራውን ከገና በዓል ማግሥት ይጀምሩ፤ ጾመ ነነዌ ሲገባ መሣሪያው ሁሉ ተጠግኖ፣ ታጥቦና ደርቆ ይጠብቅዎ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ለሙከራ ጉተታና ገዢ ለማነጋገር ይውላሉ።

2. የጉለሌ ብርድና የዓሣው መጠን

ስለ መሣሪያ ከመናገራችን በፊት ስለ ዓሣው እንነጋገር። አብዛኛው ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከጀርባችን ያለው እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን። ቆሮሶ፣ ብዙዎች ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ ጥሩ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ መኖ መብላት ይቀንሳል፣ ዕድገቱም ይዘገያል። ካርፕ ብርዱን ከቆሮሶ የተሻለ ይቋቋማል።

ከዚህ የምንረዳው፣ በእኛ አካባቢ በአንድ ኩሬ ውስጥ ያሉ ዓሣዎች በአንድ ቀን እኩል ለገበያ አይደርሱም። አንዳንዱ 200 ግራም ሲሞላ ሌላው ገና 100 ግራም ላይ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ቆላው አርሶ አደር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት ኪሳራ ነው። የሚያዋጣው የደረሰውን መርጦ አውጥቶ ያልደረሰውን መተው ነው።

በምሳሌ እንመልከት። ኩሬዎ 10 ሜትር በ15 ሜትር ነው እንበል። 300 ዓሣ አለ፤ ግማሹ 200 ግራም፣ ግማሹ 100 ግራም ይመዝናል። ሁሉንም ቢያወጡ 45 ኪሎ ግራም ያገኛሉ፤ ከዚህ ውስጥ 15 ኪሎው ግን ገዢ የማይፈልገው ትንሽ ዓሣ ነው። የደረሰውን 30 ኪሎ ብቻ ሸጠው ትንንሹን ቢተዉት፣ እሱም 200 ግራም ሲደርስ ሌላ 30 ኪሎ ይሆናል። ይህን ምርጫ እንዲያደርጉ የሚያስችልዎ ወይም የሚከለክልዎ የመረብዎ ዓይን ስፋት ነው።

ልብ ይበሉ፦ ወንድና ሴት ቆሮሶ አንድ ላይ ካሉ ተራብተው ኩሬው በጥቃቅን ዓሣ ሊጨናነቅ ይችላል። ያን ጊዜ ትንንሹን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ግን አስበውበት፣ ቆጥረው፣ በጠባብ ዓይን መረብ የሚያደርጉት ሌላ ሥራ ነው እንጂ በጉተታ ቀን በአጋጣሚ የሚሆን መሆን የለበትም።

3. የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

ሀ. ጎታች መረብ። ለኩሬ ዋናው መሣሪያ ይህ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይጎትቱታል። ላይኛው ገመድ ተንሳፋፊ፣ ታችኛው ገመድ የእርሳስ ክብደት አለው። ርዝመቱ የኩሬው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱም የውኃው ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ኩሬው 10 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ካለው 15 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መረብ ያስፈልጋል። ትርፉ መረቡ በመሐል ሆድ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ዓሣው የሚሰበሰበው እዚያ ሆድ ውስጥ ነው። ወጥሮ የተዘረጋ መረብ ዓሣ አይይዝም።

ለ. የእጅ መረብ። የተሰበሰበውን ዓሣ ለማንሳትና ለመምረጥ ያገለግላል። እጀታው ከቀርከሃ ወይም ከቀጭን ባሕር ዛፍ ሊሠራ ይችላል። ልጣጩ ተነሥቶ በደንብ ይለስልስ። መረቡ ቋጠሮ የሌለበትና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሻካራ መረብ የዓሣውን ቅርፊትና ልጋግ ይልጣል፣ የተላጠ ዓሣ ደግሞ ወደ ኩሬ ቢመለስም በሽታ ይይዘዋል።

ሐ. ዓሣው ጭንቅላቱን አስገብቶ በስንጥቡ የሚያዝበት መረብ። በሐይቅ ላይ ብዙ የሚሠራበት ይህ ነው። በትንሽ ኩሬ ግን ለምርጫ አይመችም፤ የተያዘው ዓሣ ይቆስላል፣ ቶሎ ካልወጣም ይሞታል፣ መመለስም አይቻልም።

መ. ዘንግና መንጠቆ። ለቤት ፍጆታ ወይም የዓሣውን መጠን ለመፈተሽ ይበቃል። ስለ እሱ በክፍል 6 እናያለን።

4. የመረብ ዓይን እንዴት ይለካል?

ገበያ ላይ ሻጩ «የአምስት ነው» ቢልዎ በቃሉ አይመኑ፤ ራስዎ ይለኩ። አንዱ ሻጭ ከቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ ይለካል፣ ሌላው ዓይኑን ወጥሮ ይለካል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሚሆን አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ መረብ ሊያመለክት ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦
1) መረቡን በውኃ ያርጥቡ።
2) አንድ ዓይን ይዘው ተቃራኒ ቋጠሮዎቹ ተራርቀው፣ ጎኖቹ እስኪገጣጠሙ ድረስ ይወጥሩ።
3) በዚያው መሥመር ተከታታይ አሥር ዓይኖችን ወጥረው አንድ ላይ በሜትር ይለኩ።
4) የተገኘውን ለ10 ያካፍሉ። አሥሩ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ የተወጠረ ዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ነው።
5) ከመረቡ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይድገሙት። ያረጀ መረብ በአንድ ቦታ ሰፍቶ በሌላው ሊጠብ ይችላል።

መረቡ ለኩሬዎ ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሙከራ ነው። አንድ ያልደረሰ ዓሣ ይዘው በዓይኑ በኩል ያሳልፉት። ሳይጨነቅ ካለፈ ጥሩ፤ በመሐል ከተቀረቀረ ወይም ጨርሶ ካልገባ መረቡ ለእርስዎ ሥራ ጠባብ ነው።

ከጣና የምንማረው

የመረብ ጉዳይ የኩሬ ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር በስፋት የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው በደንገል ታንኳ በሐይቁ ዳር ያሰግር ነበር። ከጣና ዓሣዎች ብዙዎቹ በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በርካቶቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረቦች በወንዞቹ መግቢያ ላይ በብዛት ሲዘረጉ የተያዘው እንቁላል ሊጥል የሚሄደው ዓሣ ነበር። ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጠዋል። ጣናን የሚያህል ሐይቅ መረቡ ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው ሲዘረጋ እንዲህ ከተጎዳ፣ 150 ካሬ ሜትር ኩሬ በአንድ ቀን ስህተት ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

5. ፍተሻና ጥገና

መረቡን በንጹሕ ሣር ወይም ሸራ ላይ በፀሐይ ብርሃን ይዘርጉ። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሁለት ሰው ሆነው ይፈትሹ፤ አንዱ ሲገልጥ ሌላው ቀዳዳ ባየበት ቦታ ሁሉ ቀይ ክር ይሰር። ቀዳዳ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ አይናቅ፤ መረቡ እየጠበበ ሲመጣ ዓሣው መውጫ ይፈልጋል፣ አንዱ ያገኘውን ሌሎቹም ይከተሉታል።

የክሩን ጥንካሬ ለማወቅ አንድ ዓይን በሁለት እጅ ይዘው ይሳቡ። በቀላሉ ከተበጠሰ ክሩ በፀሐይ አርጅቷል፤ ያን መረብ መጠገን ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

ጥገናው እንዲህ ይከናወናል፦
- የቀዳዳውን ዳር በመቀስ አስተካክለው ይቁረጡ። የተንጠለጠለ ክር አይቅር።
- ከመረቡ ክር ጋር እኩል ውፍረት ያለው የናይለን ክር ይጠቀሙ። የጥጥ ክር ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል።
- ክሩን ከሥር ወደ ላይ በሚጠገነው ዓይን ውስጥ ያሳልፉ፤ በዓይኑ ሁለት እግሮች ጀርባ ያዙሩት፤ ከዚያ ከራሱ ክር ሥር አሾልከው አጥብቀው ይሳቡ።
- እያንዳንዱ አዲስ ዓይን እኩል እንዲሆን ከጣውላ የተቆረጠ መለኪያ ይጠቀሙ። ክሩ በመለኪያው ላይ ተጠቅልሎ ይቋጠራል። መለኪያው የቀድሞውን ዓይን የሚያክል ይሁን።

ይህ ሥራ ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው የተበጠሰ ድር ሳይቀጥል መወርወሪያውን አይወረውርም። በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ሸማኔ ካለ የመረብ ቋጠሮን ከማንም ቀድሞ ይማራል፤ ያሳትፉት።

ከዚያ ገመዶቹን ይፈትሹ። የወደቁ ተንሳፋፊዎችን ይተኩ። የታችኛው ገመድ እርሳስ ሳይሳሳ በእኩል ርቀት መታሰሩን ያረጋግጡ። ታችኛው ገመድ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ዓሣው በሥሩ ያልፋል። በተለይ ካርፕና አምባዛ ጭቃ ስለሚወዱ መጀመሪያ የሚፈልጉት መውጫ ከታች ነው። ለዚህም ከጉተታው በፊት በኩሬው ወለል ላይ ያሉ ድንጋዮችንና ጉቶዎችን ያውጡ።

6. ዘንግና መንጠቆ

በባሌ ተራሮች በሚገኙ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ወደ አገራችን የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ ባለ ቀስተ ደመናው ትራውት ነው፤ ይኸው ዝርያ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ፣ አድጎ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ ይመለሳል። አስጋሪዎች ይህን ዓሣ ላባና ክር ታስሮበት ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ ይይዙታል፤ ወቅቱ ከመድረሱ ብዙ ቀናት ቀድመውም ክራቸውንና መንጠቋቸውን ይፈትሻሉ። እኛም ለቤት ፍጆታና ለናሙና ለምንጠቀምበት ቀላል ዘንግ ተመሳሳይ ጥንቃቄ እናድርግ።

- ክር፦ ክሩን በሁለት ጣት መሐል ቀስ እያደረጉ ያሳልፉ። ሻካራ ወይም የተቆረፈደ ቦታ ከተሰማዎ እዚያው ይቁረጡ። በፀሐይ የከረመ የናይለን ክር ጤነኛ ቢመስልም ይበጠሳልና ይቀይሩት።
- መንጠቆ፦ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዱ። ከያዘ ስለታም ነው፤ ከተንሸራተተ በጥሩ ሞረድ ይሳሉት። የዛገውን ይጣሉ።
- ቋጠሮ፦ ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፤ በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይጠምዝዙ፤ ጫፉን በመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረው ቀለበት ያስገቡ፤ በምራቅ ወይም በውኃ አርጥበው ቀስ ብለው ያጥብቁ። ሳይረጥብ የጠበቀ ቋጠሮ በሰበቃው ሙቀት ይዳከማል።
- ለናሙና ብቻ ከሆነ የመንጠቆውን ኋለኛ እሾህ በጉጠት ይጫኑት። ዓሣው ብዙ ሳይቆስል ይላቀቃል፣ ተመዝኖም ይመለሳል።

7. ጽዳት፦ በሽታ በመረብ እንዳይገባ

በሠፈር አንድ ጎታች መረብ ለብዙ ኩሬዎች ማገልገሉ ጥሩ ነው፤ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ከአንድ ኩሬ ወጥቶ ሳይደርቅ ወደ ሌላ የገባ መረብ ጥገኛ ተውሳክና በሽታ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ፦

1) ጭቃውንና ቅርፊቱን በንጹሕ ውኃ ያጥቡ። ከእንጦጦ ወደ ከተማው በሚወርዱ ወንዞች አይጠቡ፤ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል።
2) ከሌላ ኩሬ የመጣ መረብ ከሆነ በ10 ሊትር ውኃ 40 ሚሊ ሊትር በረኪና (5 በመቶ ጥንካሬ ያለው) ቀላቅለው ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ አይድፉ፤ ዓሣ ይገድላል።
3) ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይስጡት። መድረቁ ራሱ ትልቅ መድኃኒት ነው። ሲደርቅ ወዲያው ወደ ጥላ ያስገቡት፤ ፀሐይ ናይለንን ያሟሽሻል።

8. ዓሣው ከወጣ በኋላ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዓሣው ሆዱ ባዶ እንዲሆን ከጉተታው 24 ሰዓት በፊት መኖ ያቁሙ። ውኃውን አያቆሽሽም፣ ሥጋውም ቶሎ አይበላሽም።
- ሁለት ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ያዘጋጁ፤ አንዱ ለሚሸጠው፣ ሌላው ለሚመለሰው። የሚሞሉት ከራሱ ከኩሬው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ የግድ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት።
- ሥራው በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር ይሁን።
- ሩቅ የሚሄድ ዓሣ ካለ በረዶ አስቀድመው ይዘዙ። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይያዙ።
- ጓንት ያድርጉ፤ የቆሮሶ የጀርባ እሾህና የአምባዛ የጎን እሾህ ይወጋሉ።

9. ሊደረግ የማይገባ

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን በአንዳንድ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። ትልቁንም ትንሹንም፣ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም አንድ ላይ ይገድላል። እንዶድም ለዓሣ መርዝ ነው። መርዝና ፈንጂ ተጠቅሞ ማስገር ጥፋት ነው። የአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ በአግባቡ እንዲጠበቅና ጥቅም ላይ እንዲውል ነው። ጎረቤት እንዲህ ሲያደርግ ካዩ በምክር ይመልሱት፤ ውኃ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይወርዳልና ጉዳቱ የጋራ ነው።

10. የሥራ ቅደም ተከተል

- ከገና ማግሥት ባለው ሳምንት፦ መሣሪያ መቁጠር፣ መረብ መለካት፣ የጎደለውን መዝግቦ መግዛት።
- በቀጣዩ ሳምንት፦ ጥገና፣ ገመድና እርሳስ መፈተሽ።
- እስከ ጾመ ነነዌ፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በርሜልና ሚዛን ማዘጋጀት።
- ከነነዌ በኋላ፦ ጥቂት ዓሣ በመንጠቆ አውጥቶ መመዘን፣ አንድ የሙከራ ጉተታ ማድረግ፣ ለጉተታው ቀን ደቦ መጥራት፣ ከገዢ ጋር መስማማት።
- ከሥራው በኋላ፦ መረቡን በዚያው ቀን ማጠብና ማድረቅ፤ አይጥ በማይደርስበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ ሰቅሎ ማስቀመጥ። እርጥብ መረብ በጆንያ አይታሰር።

የተግባር ልምምድ

በቡድን ሆናችሁ አንድ መረብ ዘርጉ። የአሥር ዓይን ልኬት ወስዳችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ አንድ ቀዳዳ በጋራ ጠግኑ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢያንስ አምስት ቋጠሮ በራሱ እጅ ይቋጥር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩሬዎ 8 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው የጎታች መረቡ ርዝመትና ቁመት ስንት ይሆናል?
2. ሁለት ሻጮች ሁለቱም «የ4 ሴንቲ ሜትር መረብ» ይላሉ፤ መረቦቹ ግን አይመሳሰሉም። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
3. በሠፈራችሁ አንድ መረብ በጋራ ብትገዙ ማን ያጥበዋል? ማን ያስቀምጠዋል? ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሲሄድ መድረቁን ማን ያረጋግጣል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ መረብ በጋራ አትግዙ። ለተጨማሪ ምክር የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ አነጋግሩ፤ ስለ ጫጩት ዓሣና ስለ ዝርያ ምርጫ ደግሞ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ከዚህ ሥልጠና ወደ ቤትዎ ሲመለሱ የመጀመሪያው ሥራዎ መረብዎን ከተሰቀለበት አውርዶ መዘርጋት ይሁን።